ከመሳቢያችሁ ጀምሩ፦ የድሮ ሳንቲም አሰባሰብና ልዩነቱን የመለየት ዘዴ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ሳንቲም የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በመሳቢያ፣ በሙዳይ፣ በቆርቆሮ ጣሳ፣ ከተበጠሰ አዝራርና ከማይሠራ ቁልፍ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። ሰው ቤት ሲቀይር ይዞት ይሄዳል፣ አይጥለውም፣ ግን ደግሞ አውጥቶ አያየውም።

መሰብሰብ ሲባል ብዙ ሰው ብዛት ይመስለዋል። ከየአገሩ አንድ አንድ፣ ከየዘመኑ አንድ አንድ። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁበትና ምንም ሳላውቅ አንድ ከረጢት ሞላሁ። ዕውቀቱ የመጣው አካሄዴን ስቀይር ነው። አንድ ዓይነት ሳንቲም ያዝኩ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ጎን ለጎን ደረደርኩና ልዩነታቸውን መፈለግ ጀመርኩ። አንድ የሚመስሉት ሳንቲሞች አንድ እንዳልሆኑ ያየሁት ያኔ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። የያዛችሁት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንዴት ትለያላችሁ?

1. ዕቃ አዘጋጁ

ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። አንደኛ፣ ማጉሊያ መነጽር። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ካገኛችሁ በቂ ነው። ካጣችሁ ሰዓት ጠጋኞች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ዓይነት ጠይቁ፣ ፒያሳ አካባቢ ከሚሠሩት አንዱ ለደቂቃ ሊያውሳችሁ ይችላል። ሁለተኛ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ የኪስ ሚዛን። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። አራተኛ፣ ክር፣ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ጥቁር ጨርቅና ደብተር።

ብርሃን ከዕቃው ሁሉ ይበልጣል። ከላይ የሚመጣ አምፖል የሳንቲሙን ገጽ ጠፍጣፋ አድርጎ ያሳያል። ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁጭ በሉና ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጉ። ያን ጊዜ ያረጀው ፊደል እንኳ ጥላ ይጥላል። በስልክ ፎቶ ስታነሡም በዚሁ መንገድ ነው፣ ፍላሽ አትጠቀሙ።

2. የግዕዝ ቁጥር ማንበብ ተለማመዱ

ይህን መዝለል አይቻልም፣ ምክንያቱም የሳንቲሞቻችን ዓመተ ምሕረት የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው። ቀላል ነው። ፲፰፻ ማለት አሥራ ስምንት መቶ፣ ፲፱፻ ማለት አሥራ ዘጠኝ መቶ። ከዚያ አሥሩ ቤት፣ ከዚያ አንዱ ቤት። ስለዚህ ፲፰፻፹፯ ሲል 1887 ነው፣ ፲፱፻፴፮ ሲል 1936፣ ፲፱፻፷፱ ሲል 1969። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። 1887ን እንደ ፈረንጅ ዓመት አንብቦ ሰባት ስምንት ዓመት የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

ችግሩ ሳንቲሙ ሲያረጅ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው የቁጥሮቹ ላይና ታች ያለው ሰረዝ ነው፣ ከዚያ ፹ እና ፺፣ ፯ እና ፱ ይደበላለቃሉ። ቁጥሩ አልነበብ ሲላችሁ አትገምቱ። ሌላ ምልክት ፈልጉ፣ ትንሽ ቆይቼ የምነግራችሁ የአንበሳ እግር ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

3. በ1969 ሳንቲም ጀምሩ

በጠገራ፣ ማለትም በማርያ ቴሬዛ ብር፣ ወይም በምኒልክ ብር አትጀምሩ። ውድ ናቸው፣ ተመሳስሎ የተሠራም ሞልቷል። በደርግ ዘመን በወጣው በ1969 ሳንቲም ጀምሩ። ማንም አስመስሎ አይሠራውም፣ የእናታችሁ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ብትሳሳቱም ምንም አትከስሩም።

በአንድ በኩል አፉን የከፈተ የአንበሳ ጭንቅላት አለው። በሌላው በኩል አንድ ሳንቲሙ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አሥሩ የደጋ አጋዘን፣ ስሙኒው እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት አላቸው። አንድ ሳንቲሙ አሉሚኒየም ነው፣ አምስቱና አሥሩ ነሐስ መልክ አላቸው፣ ስሙኒና ሽልንጉ ነጭ ናቸው።

አሁን ልምምዱን ጀምሩ። አምስት ባለ አሥር ሳንቲም ፈልጉ፣ ሁሉም 1969 የሚል ይሁን። በአንበሳው በኩል ደርድሯቸው። መጀመሪያ የጭንቅላቱን መጠን እዩ። በአንዳንዱ አነስ ብሎ ከጠርዙ ይርቃል፣ በአንዳንዱ ደግሞ ተልቆ ቦታውን ሞልቶታል። ቀጥሎ በማጉሊያው አገጩ ሥር ያለውን ጸጉር እዩ። በአንዳንዱ ጸጉሮቹ እኩል ናቸው። በሌላው ግን ሁለት ጸጉሮች ከሌሎቹ ረዝመው ወደ ዓመተ ምሕረቱ ይወርዳሉ፣ ሊነኩት ምንም አይቀራቸውም። ይህ በእርጅና የመጣ አይደለም። ሳንቲሙ የተመታባቸው መምቻዎች የተለያዩ ስለነበሩ ነው። እነዚህን ሁለት ጸጉሮች በራሳችሁ ዓይን ስታገኙ የሚሰማችሁን እኔ ልገልጽላችሁ አልችልም፣ ሞክሩት። ዕድሜ ልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ የነበረ ነገር ነው።

ቀጥሎ ማግኔት። የ1969ኙን አሥር ሳንቲም ማግኔት አይስበውም። ከ1996 ወዲህ የወጣውን ተመሳሳይ ሳንቲም ግን ይስበዋል፣ ምክንያቱም ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ ነው የተለበጠው። መልኩ አንድ ነው፣ ሥዕሉ አንድ ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ጻፏቸው።

ከሽልንግና ከስሙኒ ጋር ያለውን ስም ሁሉ ሳስብ ይገርመኛል። ድንቡሎ የለኝም፣ ቤሳ ቤስቲን የለኝም እንላለን። ቤሳ ራሱ የገንዘብ ስም ነበር። ገንዘቡ ከገበያ ወጥቶ ስሙ ምላሳችን ላይ ቀረ።

4. ስሙኒውን በጠርዙ ለዩት

ቀጥሎ የሚመጣው በጃንሆይ ምስል የተመታው የ1936 ሳንቲም ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እነዚህ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመት ሲመቱ ዓመተ ምሕረቱ አልተቀየረም። ስለዚህ 1936 ይላል ማለት በ1936 ተመታ ማለት አይደለም። አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስቱ የመዳብ ናቸው። ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ነው፣ አዲስ ሳለ 7.03 ግራም ይመዝናል።

እዚህ ላይ ጥሩ ታሪክ አለ። የ25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ሲወጣ ልክ እንደሌሎቹ ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረባል። ብልጣ ብልጦች ታዲያ መዳቡን ስሙኒ ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ሳንቲም ይሰጡት ጀመር። ስለዚህ ድፍኑ ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ ዙሪያውን የተሸረፈ ስሙኒ መጣ። ከዚያ በኋላ በጨለማም ቢሆን በጣት ዳስሶ መለየት ተቻለ።

ለሰብሳቢ ይህ ማለት ሦስት ነገር መፈለግ ነው። አንደኛ ድፍኑ ክብ፣ እሱ ብርቅ ነው። ሁለተኛ ሽርፉ ሸካራና ወጣ ገባ የሆነው፣ ማለትም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ተመቶ በኋላ የተቆረጠው። ሦስተኛ ሽርፉ እኩልና ጥርት ያለው፣ ከመነሻው በዚያ ቅርጽ የተዘጋጀው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመለየት ሳንቲሙን ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በጠርዙ በኩል ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የተቆረጠው አንዱ ሽርፍ ጠለቅ፣ ሌላው ቀለል ይላል፣ አንዳንዴም የገጹን ዙሪያ መስመር ይነካዋል።

አንድ ጓደኛዬ ድፍን ስሙኒ አገኘሁ ብሎ ደውሎልኝ ከማራኪ እስከ አዘዞ በታክሲ ሄጄ አየሁት። ሽርፉን በሞረድ ሞርደው አስተካክለውት ነበር፣ ስፋቱ ከሌላው አንሶ ታየ። ስለዚህ ድፍን ስሙኒ ሲያጋጥማችሁ ከሽርፉ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስፋቱን ለኩ።

ከ1936ቱ በፊት ደግሞ በ1923 የወጣ አለ፣ እሱ ሳንቲም ሳይሆን መቶኛ ነው የሚባለው። አንዱና አምስቱ የመዳብ፣ አሥሩ፣ ሃያ አምስቱና ሃምሳው የኒኬል ናቸው። ኒኬሎቹን ማግኔት ይስባቸዋል፣ ሐሰት ነው ብላችሁ እንዳትጥሉ።

5. የምኒልክን ብር በአንበሳው እግር ለዩት

አሁን ወደ ከበደው መጣን። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ አዘው የመጀመሪያዎቹ ብሮች ፓሪስ ተመቱ፣ የያዙትም ዓመት 1887 ነው። ክብደቱ ሆነ ተብሎ ከጠገራው ጋር እኩል ተደረገ፣ 28.07 ግራም ገደማ። አለበለዚያ ገበያው አይቀበለውም ነበር። ግማሹ አላድ ነው፣ 14.04 ግራም። ሩቡ 7.02 ግራም። ጊርሹ ትንሽዬ ናት፣ 1.40 ግራም። እነዚህን ቁጥሮች ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፏቸው፣ ገበያ ስትሄዱ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ፊቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ። ጀርባው ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ባለ ጥብጣብ መስቀል ይዟል። ልዩነቱ ያለው መስቀሉን በያዘበት እግር ላይ ነው። በቀደሙት፣ ማለትም በ1887 እና በ1889 ብሮች፣ አንበሳው ያነሣው ግራ የፊት እግሩን ነው። በ1892 እና በ1895 ብሮች ደግሞ ቀኙን። ግራ ስል የአንበሳው የራሱ ግራ ነው፣ የእናንተ ግራ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አለያየቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንበሳው ወደየት እንደሚራመድ እዩ። ወደ እናንተ ግራ የሚሄድ ከሆነ ለእናንተ የቀረበው ጎኑ ግራው ነው። ስለዚህ የተነሣው እግር ከፊት ያለው፣ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከሆነ ግራ ነው። ከደረቱ ጀርባ የሚወጣው ከሆነ ቀኝ ነው።

ቅድም ቁጥሩ ሲጠፋ ሌላ ምልክት ፈልጉ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ያገኘኋት ብር አሥሩ ቤት ፈጽሞ ጠፍቶባታል። ፲፰፻ ይነበባል፣ ከዚያ ድብዝዝ ያለ ነገር፣ ከዚያ ባዶ። ሻጯ እማማ ጥጥ ሲፈትሉ ነበር የደረስኩት። «እማማ፣ ይቺን ላያት?» አልኳቸው። «እየው ልጄ፣ የአማቴ ነበረች» አሉኝ። ወደ ፀሐይ አዞርኳት። የአንበሳው እግር ከፊት ነው፣ ጉልበቱ ተለይቶ ይታያል። ግራ! እንግዲህ ከ1889 አታልፍም ማለት ነው። ቁጥሩን ሳላነብ ዕድሜዋን አወቅኩ። ለእማማም ነገርኳቸው፣ ዋጋዋን ከፍ አድርገው ጠሩልኝ፣ አልከፋኝም፣ የሚገባቸው ነበር።

የእግሩ ልዩነት በትናንሾቹም ላይ አለ፣ በጊርሽ ላይ ለማየት ግን ማጉሊያው ግድ ነው። ትንሽ የላቲን ኤ ፊደልም ፈልጉ፣ የፓሪስ ምልክት ናት።

6. ጠገራ ብር፣ ሁሉም 1780

ጠገራን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው። ሁሉም አንድ ዓመት ነው የሚለው፦ 1780። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ አገር ያለው ነጋዴ ከዚያ መልክ ሌላ አልቀበልም ስላለ፣ ዓመቱም መልኩም ሳይቀየር ከዚያ ወዲህ ሲመታ ኖረ። ቪየና መታችው፣ ሚላንና ቬኒስ መቱት። በ1935 እንደ ፈረንጅ ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዝ ደግሞ በ1936 እንደ ፈረንጅ ለንደን ላይ መምታት ጀመረች። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ገቡበት። በ1868 እንደ ፈረንጅ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣም ለስንቅና ለጭነት የሚከፍለው ከቪየና የተገዛ ጠገራ ይዞ ነበር የመጣው፣ ሌላ ገንዘብ የሚቀበለው አልነበረምና። ስለዚህ አያታችሁ የተዉላችሁ ጠገራ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ይችላል፣ ሰማንያ ዓመት ብቻም ሊሆን ይችላል።

መደበኛ ልኩ 28.07 ግራም ነው፣ ስፋቱ ከ39.5 እስከ 41 ሚሊ ሜትር፣ ከመቶው 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር። በአገልግሎት ያለቀ ጥቂት ይቀንሳል። ከ27 ግራም ከወረደ ግን ጠርጥሩ።

የምታዩበት ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ፣ ሁልጊዜ በዚሁ ተራ እዩት፣ ተራውን ከቀያየራችሁ አንዱን ትረሳላችሁ።

ጠርዝ። ዙሪያውን ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደሎችና ጌጦች አሉ፣ ትርጉሙ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ፊደሎቹ በጣት ጥፍር ሲነኩ መሰማት አለባቸው። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ወይም መሐሉን የሚዞር የመገጣጠሚያ መስመር ካለው በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ እንጂ የተመታ አይደለም።

ደረት። ከንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ክብ ጌጥ አለ፣ ዙሪያውን በእንቁ ፍሬ የተከበበ። ፍሬዎቹን ቁጠሩ። አብዛኛው ላይ ዘጠኝ ናቸው። የድሮ ነጋዴዎች ብሩን ሲቀበሉ ይህን ነበር የሚያዩት፣ ፍሬዎቹ ተለይተው ካልታዩ ይመልሱት ነበር። የፍሬዎቹ ብዛት፣ መጠንና አቀማመጥ ከመምቻ መምቻ ይለያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ፎቶውንም ያዙ።

ከደረቱ ሥር። ኤስና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ። ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ በነበረው የሳንቲም መምቻ ቤት የሠሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ነው። በፊደሎቹ መሐል ያለው ነጥብና የመራራቃቸው ልክ ይለያያል።

ጅራት። ገልብጡት። ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። የጅራቱን ላባዎች አንድ በአንድ እዩ፣ በተለይ ከመሐል ያሉትን። ከሁሉም የበለጠ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፣ አንዱ ላባ ይረዝማል፣ አንዱ ይጣመማል፣ አንዱ ወደ ጎን ይወጣል። እኔ ሦስት ጠገራ ጎን ለጎን አድርጌ የጅራቱን ላባ ብቻ ሳይ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ውዬ አውቃለሁ።

መስቀል። ከ1780 ቀጥሎ እንደ ላቲን ኤክስ ያጋደለች ትንሽ መስቀል አለች። ክንዶቿ እኩል መሆናቸውን፣ ከቁጥሩ ምን ያህል እንደራቀች አይታችሁ ጻፉ።

ሰሜን ላይ እንዳለን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ያጋጥማችኋል። ኢጣሊያኖች ለኤርትራ ያስመቷቸው ብሮች ናቸው። የንጉሣቸው የኡምቤርቶ ምስል ያለው እንደ ፈረንጅ በ1891 እና በ1896 የተመታ ነው። በ1918፣ ይህም እንደ ፈረንጅ፣ ደግሞ የሴት ምስል ያለበትና ጠገራን የሚመስል አስመቱ፣ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ከሩቅ ሲያዩት ጠገራ ነው። ዓመቱን ካነበባችሁ አትሳሳቱም።

7. ሐሰተኛውን በውሃ ፈትኑ

የታወቀው ዘዴ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን መስማት ነው። ብር ሲያቃጭል ይረዝማል፣ እርሳስ ዱብ ብሎ ይቀራል። ጥሩ ነው፣ ግን ሳንቲሙን ይጎዳዋል፣ ጆሮም ይሳሳታል። የውሃው ዘዴ ይበልጥ ይታመናል።

መጀመሪያ ብሩን ደረቁን መዝኑ። 28.00 ወጣ እንበል። ከዚያ ኩባያው ውስጥ ውሃ ጨምሩና ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት፣ ከነውሃው ሚዛኑ ከሚችለው እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ። ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። አሁን ብሩን በክር አንጠልጥላችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ታችም ጎንም አይንካ፣ አየር አረፋም አይያዝበት። ሚዛኑ የሚያሳየውን አንብቡ። ጠገራ ከሆነ 2.75 ገደማ ይላል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉት፣ ከ10 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ያ የብር ነው። ነሐስ ከሆነ ውሃው ውስጥ 3.3 አካባቢ ያሳያል፣ ሲካፈል 8.5 ይሆናል።

እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ከአንድ ዕቃ ሻጭ ጥቁር ያለ ጠገራ ገዝቼ ነበር። ጥቁረቱ አሳመነኝ። ቤት ስደርስ አውራ ጣቴ ላይ ጥላሸቱ ተላቀቀ። የእውነተኛ ብር ጥቁረት ጎድጓዳው ውስጥ ይከማቻል፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ግን ከእጅ ብዛት ይላጫል። ጭስ ያጠቆረው ሁሉም ቦታ እኩል ነው። ጠርዙን ያኔ ባየሁት ኖሮ አልገዛውም ነበር፣ ለስላሳ ነበር። ለዚህ ነው ጠርዝ መጀመሪያ የምላችሁ።

እንደ መስታወት የሚያበራ ጠገራም ይመጣል። እሱ ሐሰት አይደለም፣ ብሩ ብር ነው፣ ቪየና ዛሬም ለመታሰቢያ ትመታዋለች። በጥንታዊነት ዋጋ እንዳትገዙት ብቻ።

8. አትጠቡት

እባካችሁ። ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ ኮልጌት፣ እንዶድ፣ አንዱም አይነካው። እናቶቻችን የአንገት መስቀል የሚያጸዱበት ልማድ ለሳንቲም አይሆንም። አንድ የምኒልክ አላድ ነበረችኝ፣ አንበሳው ጥርት ያለ፣ ጥብጣቡ እንኳ የሚቆጠር። በሎሚና በአመድ አሸኋት። ነጭ ሆነች፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ በመስኮቱ ብርሃን ሳያት ገጿ በሙሉ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል። ያ ጭረት አይመለስም። እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ ስሟ አጠገብ «ታጥባለች» ብዬ ጽፌዋለሁ። ጭቃ ካለበት በንጹሕ ውሃ አርሱትና ሳታሹ ጨርቅ ላይ አድርቁት፣ በቃ።

አቀማመጡም እንዲሁ። ርካሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። በወረቀት ፖስታ አንድ አንዱን ለየብቻ አድርጉት። ክረምት ላይ የጎንደር ዝናብ ቤት ውስጥ እርጥበት ያስገባል፣ ስለዚህ አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አትጣሏት፣ ከሳንቲሙ ጋር አኑሯት።

የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ብታገኙ ደግሞ ቀዳዳውን ልድፈን አትበሉ። ዋጋው ያንሳል፣ እውነት ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ። የሆነች ሴት አንገት ላይ ኖሯል፣ ቀዳዳው የእሷ ነው። አንጥረኞቻችን ጠገራ እያቀለጡ መስቀል ሲሠሩ ስንቱ እንደጠፋ ስታስቡ የተረፈው ቢበሳም ተርፏል።

9. ደብተር፣ ገበያና ሕግ

ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ መስመር። ቁጥር፣ ዓመት፣ ክብደት፣ ጠርዝ፣ የታየው ልዩነት፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ የተከፈለው ዋጋ። ፖስታው ላይ ያው ቁጥር ይጻፍ። የምታውቁትንና የምትገምቱትን አትቀላቅሉ፣ ግምት ከሆነ በእርሳስ ጻፉ።

ገበያ ስትሄዱ ሚዛኗን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ሰው ፊት ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ሻጩ እንደተጠረጠረ ይሰማዋል። «ጋሼ፣ ልመዝነው?» በሉ። እምቢ ካለ አመስግናችሁ እለፉ። በጥምቀት ሰሞን አትግዙ፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ዋጋው ሌላ ነው። ከየካቲት በኋላ ተመለሱ።

አሮጌ ሳንቲም ቅርስ ተብሎ ሊታይ ይችላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ላኩልኝ ቢላችሁ በሻንጣ ደብቃችሁ አትላኩ። የቅርስ አዋጁ 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፣ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነው ብለው ካመጡላችሁም አትግዙ፣ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ እንዲያሳውቁ ንገሯቸው።

ደብተራችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ከማን እጅ መጣ? ሳንቲሙ ከቤተሰብ ከሆነ ሰጪውን በሕይወት እያለ ጠይቁት። የእኔ ሦስተኛው ጠገራ የአያቴ ነው። ዘጠኙም ፍሬ ይቆጠራል፣ ከንስሩ ጅራት መሐለኛዋ ላባ ወደ ቀኝ ትንሽ ታጥፋለች፣ 27.84 ግራም ነው። በመጨረሻው ዓምድ ላይ እሷ እንዳለችው ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «አባቴ በቅሎ ሸጦ ያመጣት ናት፣ ሌሎቹ አለቁ፣ ይቺ መቀነቴ ውስጥ ቀረች።»